የሠራተኛ እጥረት ከየት ይመጣል? ሀብታም ኢኮኖሚዎች የፍልሰተኛን ጉልበት የሚሹበት ምክንያት

የጣሊያን መንግሥት በሰኔ 2025 መጨረሻ ላይ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከ2026 እስከ 2028 ባሉት ሦስት ዓመታት ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጡ ሠራተኞች ወደ 500 ሺህ የሚጠጋ የሥራ ፈቃድ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ካቢኔውን የሚመሩት ጆርጂያ ሜሎኒ ሥልጣን የያዙት በባሕር የሚገቡትን ፍልሰተኞች አስቆማለሁ በሚል የምርጫ ዘመቻ ነበር። ይኸው መንግሥት ቀደም ብሎ ከ2023 እስከ 2025 ላለው ጊዜም 452 ሺህ ያህል ፈቃድ መድቧል። ብሪታንያ በበኩሏ፣ ጣሊያን ውሳኔዋን ካሳወቀች አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በ2022 መጀመሪያ ለውጭ አገር የእንክብካቤ ሠራተኞች የከፈተችውን በር መልሳ ዘጋችው።

እንዲህ ያሉ ዜናዎች በተሰሙ ቁጥር ሁለት ማብራሪያዎች ይደጋገማሉ። አንደኛው ፖለቲከኞቹ በአደባባይ የሚናገሩትና በቢሯቸው የሚፈርሙት ለየቅል ነው የሚል ነው። ሌላው ደግሞ እነዚህ አገሮች ሕዝባቸው አርጅቶ «የሰው ያለህ» እያሉ ስለሆነ ምርጫ የላቸውም የሚል ነው። ሁለቱም ከእውነት የራቁ አይደሉም። ይሁን እንጂ ፍላጎቱ ለምን በተወሰኑ የሥራ ዓይነቶች ላይ ብቻ እንደሚበረታ፣ ደመወዝ በመጨመር ለምን እንደማይቃለል፣ መንግሥታትስ ለምን ጊዜያዊና ከአንድ ቀጣሪ ጋር የታሰረ ፈቃድ መስጠትን እንደሚመርጡ አያስረዱም። ይህ ጽሑፍ እንደሚያሳየው የፍልሰተኛ ጉልበት ፍላጎት በአብዛኛው የሚበጀው በበጀት ውሳኔ፣ በገበያ የዋጋ ጫናና በቪዛ ሕግ ነው። ቀጣሪው የሚፈልገውን ሰው ማንነት የሚወስነው ደግሞ ከሙያው ባልተናነሰ ያ ሰው ሥራውን ጥሎ የመሄድ አቅሙ ነው።

ስለ እነማን ነው የምንነጋገረው?

እዚህ ላይ «ፍልሰተኛ ሠራተኛ» የተባለው ከአገሩ ወጥቶ በሌላ አገር የሥራ ገበያ ውስጥ የገባ ሰው ነው። ከጦርነት ወይም ከሚያሳድደው መንግሥት ሸሽቶ ጥገኝነት የሚጠይቅ ስደተኛ በዓለም አቀፍ ሕግ የተለየ ጥበቃ ስላለው፣ ሁለቱን ማደባለቅ ክርክሩን ያወሳስባል። በተግባር ግን ብዙ ጥገኝነት ጠያቂዎችም ውለው አድረው በዚያው የሥራ ገበያ፣ ብዙውን ጊዜም በዚያው የሥራ ዘርፍ ይገኛሉ።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2024 መጨረሻ ባወጣው ግምት መሠረት፣ በ2022 በዓለም የሥራ ኃይል ውስጥ 167.7 ሚሊዮን ፍልሰተኞች ነበሩ። የሥራ ኃይል የሚባለው ሥራ ያላቸውንም ሥራ ፈላጊዎችንም የሚያጠቃልል ሲሆን፣ ይህ ቁጥር ከዓለም ጠቅላላ የሥራ ኃይል 4.7 በመቶ ብቻ ነው። ከእነዚህ ፍልሰተኞች ውስጥ ግን 68.4 በመቶው ከፍተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ተከማችተው ይገኛሉ። ስርጭቱን በሥራ ዓይነት ስንመለከተው ደግሞ ይበልጥ ያመዝናል፤ ለምሳሌ ከሴት ፍልሰተኞች 28.8 በመቶው ሕፃናትን፣ ሕሙማንንና አረጋውያንን በመንከባከብ ወይም በቤት ውስጥ ሥራ ላይ ሲሰማሩ፣ ፍልሰተኛ ካልሆኑት ሴቶች መካከል ድርሻው 19.2 በመቶ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ነገሩ ወደ ሌላ ጽንፍ ይሄዳል፤ በኳታርና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ከአሥር ሠራተኞች ዘጠኙ ገደማ የውጭ ዜጎች ናቸው።

የሕዝብ እርጅና ምን ያህሉን ያስረዳል?

የሕዝብ አወቃቀር ለውጥ የማይካድ ነገር ነው። አንድ ሕዝብ ያለ ፍልሰት ቁጥሩን ጠብቆ እንዲቆይ አንዲት ሴት በአማካይ 2.1 ገደማ ልጆች መውለድ ይኖርባታል። በደቡብ ኮርያ ይህ ምጣኔ በ2023 ወደ 0.72 ወርዷል፤ በዚያው ዓመት በጃፓን 1.20 ነበር፣ ጣሊያንም ከዚህ ብዙም አትርቅም። ከጃፓን ሕዝብ 29 በመቶ ገደማ ዕድሜው ከ65 ዓመት በላይ ነው። የጀርመን የሥራ ገበያ ምርምር ተቋም፣ የአገሪቱ የሥራ ኃይል ባለበት እንዲቀጥል ከተፈለገ ከሚወጡት በላይ በዓመት 400 ሺህ ያህል ሰዎች መግባት እንዳለባቸው ሲያስላ ቆይቷል።

ሆኖም ይህ ማብራሪያ ሁለት ገደቦች አሉት። የመጀመሪያው፣ ፍልሰተኞችም እንደማንኛውም ሰው ያረጃሉ፤ ከአንድ ትውልድ በኋላ የወሊድ ልማዳቸውም ከተቀባዩ አገር ጋር ይቀራረባል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2000 ባወጣው ጥናት፣ ደቡብ ኮርያ በሥራ ዕድሜ ላይ ባሉና በአረጋውያን መካከል የነበረውን ምጣኔ እስከ 2050 በፍልሰት ብቻ ጠብቃ ለማቆየት ብትሞክር ከአምስት ቢሊዮን በላይ ሰዎች እንደሚያስፈልጓት አስልቶ ነበር። ስሌቱ ምክር እንዳልነበረ ግልጽ ነው፤ ያሳየው ነገር ፍልሰት የእርጅናን ፍጥነት ሊያለዝብ ቢችልም ሊያስቆመው እንደማይችል ነው።

ሁለተኛው ገደብ ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ ይጠቅማል። የሕዝብ ቁጥር መቀነስ የሥራ ኃይሉን በጠቅላላ ያሳንሰዋል እንጂ የትኛው ሥራ ሰው እንደሚያጣ አይወስንም። የባንክ ቤት ቅርንጫፎችና የሕግ ቢሮዎች በዚያው እርጅና በበዛበት አገር ውስጥ እያሉ ሠራተኛ ፍለጋ ባሕር አያቋርጡም። የእንጆሪ እርሻው፣ የሥጋ ማቀነባበሪያው፣ የግንባታ ቦታውና የአረጋውያን መንከባከቢያው ግን ያቋርጣሉ። ልዩነቱ ያለው በሥራዎቹ ባሕርይና በክፍያቸው ላይ ነው።

እጥረት በየትኛው ደመወዝ?

በምጣኔ ሀብት ትምህርት እጥረት ሁልጊዜ ከዋጋ ጋር ተያይዞ የሚነገር ነገር ነው። አንድ ቀጣሪ ሠራተኛ አጣሁ ሲል፣ አሁን በሚከፍለው ደመወዝና ባለው የሥራ ሁኔታ የሚመጣለት ሰው አጣ ማለት ነው። መልሱ ታዲያ ደመወዝ መጨመር አይደለም ወይ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ የሠራተኛ ማኅበራትም ዘወትር የሚያነሡት ይህንኑ ነው። ብዙ ቀጣሪዎች በእርግጥም በዚህ መንገድ ይወጡታል። ሌሎች ሥራውን ለማሽን ይሰጣሉ፣ አለዚያም ፋብሪካቸውን ነቅለው ርካሽ ጉልበት ወዳለበት አገር ይሄዳሉ። የፍልሰተኛ ጉልበት ፍላጎት የሚበረታው እነዚህ መውጫዎች በተዘጉበት ወይም በጠበቡበት ቦታ ነው። አዛውንትን ማጠብ ወደ ሌላ አገር ተልኮ አይሠራም፤ ሕንፃም በሚቆምበት ቦታ እንጂ ሌላ ቦታ ተገንብቶ አይመጣም። የእንጆሪ ፍሬን ሳይጨፈልቅ ለይቶ የሚለቅም ማሽን በስፋት ሥራ ላይ አልዋለም። ደመወዝ የመጨመር አቅምን ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚገድበው ከቀጣሪው በላይ ያለ ኃይል ነው፦ የመንከባከቢያውን ሒሳብ የሚከፍለው የመንግሥት በጀት፣ ወይም ለአርሶ አደሩ ዋጋ የሚቆርጠው ትልቅ የሱፐርማርኬት ድርጅት።

በ1970ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ የዳበረው «የሁለት ክፍል የሥራ ገበያ» የሚባል ንድፈ ሐሳብ ሌላ ምክንያት ይጨምራል። እንደ ንድፈ ሐሳቡ አገላለጽ የበለጸገ ኢኮኖሚ ውስጥ አንዱ ክፍል ዋስትናና የእድገት መሰላል ያለው ሥራ ሲሆን፣ ሌላው ክፍል ደግሞ ተለዋዋጭ፣ ዝቅ ተደርጎ የሚታይና እድገት የሌለው ነው። ደመወዝ የሰውን የኑሮ ደረጃና ክብርም ስለሚያመለክት፣ ከታች ላለው ሥራ ብዙ ቢጨመርለት ከበላዩ ያሉት ሁሉ ልዩነታቸው ተጠብቆ እንዲጨመርላቸው ይጠይቃሉ። አዲስ የመጣ ፍልሰተኛ ግን፣ ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ ክብሩን የሚለካው ትቶት በመጣው ማኅበረሰብ ዓይን በመሆኑ ለዚያ ሥራ የተሻለ ዝግጁነት አለው። ንድፈ ሐሳቡ የፖሊሲን ሚና ያሳንሳል የሚል ትችት ቢቀርብበትም፣ የአገሬው ሰው ሥራ አጥ ሆኖም እንኳ አንዳንድ ሥራዎች ለምን ሰው እንደሚያጡ በማስረዳት ረገድ እስካሁን የተሻለ የቀረበ የለም።

የእንግሊዝ መንከባከቢያዎች፦ ፍላጎት ደረጃ በደረጃ ሲበጅ

የአረጋውያን እንክብካቤ ጉዳዩን በቅርብ ለማየት ይመቻል። አቅም ያጣን አዛውንት ከአልጋ አንሥቶ፣ አጥቦ፣ አልብሶ፣ መድኃኒቱን ሰጥቶ ቁርስ ማብላት ዛሬም የሚፈጀው ጊዜ ከሃምሳ ዓመት በፊት ይፈጅ የነበረውን ያህል ነው። በፋብሪካ የአንድ ሠራተኛ ምርት በየዓመቱ ስለሚያድግ ደመወዙም አብሮ ሊያድግ ይችላል፤ እንክብካቤ ግን ምርታማነቱ ሳይጨምር ከሌሎቹ ጋር እኩል ሠራተኛ ለመሳብ መፎካከር አለበት። ኢኮኖሚስቱ ዊልያም ባውሞል በ1960ዎቹ ያብራራው ይህ ሁኔታ «የወጪ በሽታ» በመባል ይታወቃል። ውጤቱም የእንክብካቤ ዋጋ ከሌሎች አገልግሎቶች ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ያለማቋረጥ እየናረ መሄዱ ነው። ያንን ወጪ አንድ ሰው መሸከም አለበት።

በእንግሊዝ ከአገልግሎቱ ከፍተኛውን ድርሻ የሚገዙት የአካባቢ ምክር ቤቶች ሲሆኑ፣ አቅራቢዎቹ በአብዛኛው የግል ድርጅቶች ናቸው። ከ2010 በኋላ በተከተለው የቁጠባ ዘመን የምክር ቤቶቹ በጀት በመቀነሱ፣ ለመንከባከቢያዎቹ የሚከፍሉት ሒሳብም ከወጪው ጋር ሊራመድ አልቻለም። በዚህ የተነሣ የተንከባካቢ ደመወዝ ከሕጋዊው የደመወዝ ወለል እምብዛም ሳይርቅ ቀረ። ሌሊት ተነሥቶ ሕሙማን የሚያገላብጥ ሰው፣ ከመንገዱ ማዶ ባለ ሱፐርማርኬት ዕቃ ቢደረድር እኩል ወይም የተሻለ ያገኛል። አገሪቱ ከአውሮፓ ኅብረት ወጥታ የኅብረቱ ዜጎች በነፃነት ገብተው የመሥራት መብት በ2020 መጨረሻ ሲያበቃ ደግሞ ቀድሞም የሳሳው ምንጭ ይበልጥ ነጠፈ። በ2021/22 በእንግሊዝ የአዋቂዎች እንክብካቤ ዘርፍ 165 ሺህ ገደማ ክፍት የሥራ መደቦች ነበሩ።

መንግሥትን በፍልሰት ጉዳይ የሚያማክረው ኮሚቴ በሚያዝያ 2022 ባቀረበው ሪፖርት የችግሩ ሥር የገንዘብ ማነስ መሆኑን በግልጽ አስቀምጦ፣ የተንከባካቢዎች ክፍያ ከአገር አቀፉ የደመወዝ ወለል በሰዓት ቢያንስ አንድ ፓውንድ እንዲበልጥ መክሯል። ይህ ምክር በጀት ይጠይቅ ስለነበር ወደ ጎን ተተወ፤ መንግሥት የገፋበት መንገድ በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ለተንከባካቢዎች የፈቀደውን ቪዛ ነበር። እንደ ቁጥር ማስተካከያ ካየነው ቪዛው ሠርቷል፦ በ2023/24 ክፍት መደቦቹ ወደ 131 ሺህ ወርደዋል።

ነገር ግን ቪዛው ሠራተኛውን ስፖንሰር ካደረገው ቀጣሪ ጋር ያስራል። ስፖንሰር ማለት የውጭ ሠራተኛ ለማምጣት ከመንግሥት ፈቃድ ያወጣ ድርጅት ነው። ሠራተኛው ከዚያ ድርጅት ከወጣ ወይም የድርጅቱ ፈቃድ ከተሰረዘ፣ በመደበኛው አሠራር 60 ቀን ውስጥ ሌላ ስፖንሰር ማግኘት ካልቻለ አገሪቱን ለቅቆ መውጣት ይጠበቅበታል። ይህን የተረዱ አጭበርባሪ ድርጅቶች በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ሥራ እያሳዩ ሰው አመጡ፤ ደላሎችም ለስፖንሰርነት ማረጋገጫ ከፍተኛ ገንዘብ ተቀበሉ። ከሐምሌ 2022 እስከ ታኅሣሥ 2024 ድረስ ከ470 በላይ የዘርፉ ድርጅቶች ፈቃዳቸው የተሰረዘ ሲሆን፣ ከእነዚህ ድርጅቶች ጋር የተያያዙት ሠራተኞች ከ39 ሺህ በላይ ነበሩ። መንግሥት ቤተሰብ ይዞ መምጣትን በመጋቢት 2024፣ ከውጭ አዲስ ተንከባካቢ መቅጠርን ደግሞ በሐምሌ 2025 ከለከለ። በምክር ቤቶቹ ሒሳብና በመንከባከቢያዎቹ ወጪ መካከል ያለው ክፍተት ግን በሩ ሲከፈትም ሲዘጋም እዚያው ነበረ።

በሩ ሲዘጋ ደመወዝ ያድጋል?

የፍልሰት ተቺዎች ክርክር ከዚህ ይነሣል፦ በሩ ቢዘጋ ቀጣሪዎች ሳይወዱ በግድ ደመወዝ ይጨምራሉ። አሳማኝ ይመስላል፤ ታሪክ ግን ነገሩን በዚህ ቅለት አይደግፈውም።

አሜሪካ ከ1942 እስከ 1964 ድረስ «ብራሴሮ» በተባለ መርሐ ግብር ከሜክሲኮ ለእርሻ ሥራ ጊዜያዊ ሠራተኞችን ታመጣ ነበር፤ በእነዚህ ዓመታት 4.6 ሚሊዮን ያህል ኮንትራቶች ተፈርመዋል። መርሐ ግብሩ ሲቋረጥ ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ የአገሬውን የእርሻ ሠራተኞች ደመወዝ ማሳደግ ነበር። ማይክል ክሌመንስ፣ ኢታን ሉዊስና ሐና ፖስቴል የተባሉ ተመራማሪዎች ከአምስት ዐሥርት ዓመታት በኋላ መዛግብቱን ሲመረምሩ፣ ብራሴሮዎች በብዛት ይሠሩባቸው በነበሩና ጨርሶ ባልነበሩባቸው ክፍላተ ግዛት መካከል በደመወዝ ዕድገት ረገድ የሚታይ ልዩነት አላገኙም።

በካሊፎርኒያ የቲማቲም እርሻዎች የሆነው ነገር ምክንያቱን ያሳያል። የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቲማቲም የሚለቅም ማሽን ቀደም ብለው ሠርተው ነበር፤ ማሽኑ ፍሬውን እንዳይጨፈልቀው ቆዳው ጠንካራ የሆነና በአንድ ጊዜ የሚበስል ዝርያ አብረው አዳቅለዋል። የሰው ጉልበት እስከተገኘ ድረስ ግን ገበሬው ማሽኑን ለመግዛት አልቸኮለም። ብራሴሮዎች ከሄዱ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ለፋብሪካ የሚቀርበው የካሊፎርኒያ ቲማቲም ከሞላ ጎደል በማሽን የሚለቀም ሆነ። ማሽን ያልተገኘላቸው እንደ አስፓራገስና እንጆሪ ያሉ ሰብሎች ምርት ግን ቀነሰ። ቀጣሪዎቹ ደመወዝ ከመጨመር ይልቅ የአመራረት ዘዴያቸውን ወይም ሰብላቸውን ቀየሩ ማለት ነው።

ይህ ማስረጃ ሁለቱንም ወገን ይጎረብጣል። በሩ ሲዘጋ የአገሬው ሠራተኛ ወዲያውኑ ይጠቀማል የሚለውን ያዳክማል፤ ያለ ፍልሰተኛ እርሻው ይጠፋል፣ ኢኮኖሚውም ይወድቃል የሚለውን የቀጣሪዎች ማስጠንቀቂያም እንዲሁ። ርካሽ ጉልበት መኖሩ ማሽን የመግዛት ውሳኔን ሊያዘገይ እንደሚችል ከዚህ በላይ ግልጽ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

ፍልሰተኞች ሲገቡ ደመወዝ ይወርዳል ወይ የሚለው ተቃራኒ ጥያቄም ረጅም ክርክር አስነሥቷል። በ1980 ማሪየል ከተባለ የኩባ ወደብ ተነሥተው 125 ሺህ ያህል ሰዎች ወደ አሜሪካ በመግባታቸው የማያሚ ከተማ የሥራ ኃይል በጥቂት ወራት ውስጥ 7 በመቶ ገደማ ጨመረ። ኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ዴቪድ ካርድ በ1990 ባወጣው ጥናት በነባሮቹ ሠራተኞች ደመወዝ ላይ የጎላ ተጽዕኖ አላየም። ጆርጅ ቦርሃስ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ መረጃውን እንደገና መርምሮ ሁለተኛ ደረጃ ያላጠናቀቁ ሰዎች ደመወዝ በእጅጉ ማሽቆልቆሉን ሲገልጽ፣ ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ድምዳሜው በጣም አነስተኛ በሆነ ናሙና ላይ የቆመ ነው ብለው ሞግተውታል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች በ2016 ያወጡት ሰፊ ግምገማ በረጅም ጊዜ በጠቅላላው ደመወዝ ላይ ያለው ተጽዕኖ እጅግ አነስተኛ እንደሆነ፣ ጉዳት ሲኖርም በዋናነት ቀድመው የገቡ ፍልሰተኞችንና ሁለተኛ ደረጃ ያላጠናቀቁትን እንደሚነካ ገልጿል። በአማካይ ሲታይ ፍልሰት ብዙኃኑን አይጎዳም ማለት ማንንም አይጎዳም ማለት እንዳልሆነ፣ የፍልሰት ደጋፊዎች አንዳንዴ ይዘነጉታል።

ፈቃዱ የደመወዙ አካል ሲሆን

አሠሪው አንድ ብቻ የሆነበትን፣ ወይም ሠራተኛው ሌላ አሠሪ መምረጥ የማይችልበትን የሥራ ገበያ ኢኮኖሚስቶች «ሞኖፕሶኒ» ይሉታል። እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ ቀጣሪው ከሠራተኛው ምርታማነት በታች እየከፈለም ሠራተኛው አይለቀውም። ከአንድ ቀጣሪ ጋር የታሰረ ቪዛ ይህን ሁኔታ በሕግ ይፈጥረዋል። ሠራተኛው ለደላላና ለጉዞ የተበደረው ዕዳ ካለ ደግሞ እስሩ ይጠብቃል፤ ዕዳው ሳይከፈል ወደ ቤት መመለስ መሬትን ወይም የዘመድን ዋስትና ሊያሳጣ ይችላልና።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የኖረው የካፋላ ሥርዓት የዚህ ግልጹ መገለጫ ነው፤ ሥርዓቱ የሠራተኛውን የመኖሪያ ፈቃድ በአሠሪው ኃላፊነት ሥር ያደርገዋል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በ2011 የኮንትራት ዘመናቸውን የጨረሱ ሠራተኞች ያለ አሠሪያቸው ፈቃድ ወደ ሌላ ቀጣሪ እንዲዛወሩ ፈቀደች። የክፍያ መዛግብቱን የመረመሩ ኢኮኖሚስቶች ለውጡ የነባር ሠራተኞችን ገቢ ከ10 በመቶ በላይ እንዳሳደገ አሳይተዋል። ሥራው ያው ነው፣ ሰውየውም ያው ነው፤ የተለወጠው መሄድ መቻሉ ብቻ ነበር። የጥናቱ ሌላ ግኝት ግን ብዙም አይወራለትም፦ ከለውጡ በኋላ ቀጣሪዎች ከውጭ አዲስ ሠራተኛ የማምጣት ፍላጎታቸው ቀነሰ፣ የአዲስ ገቢዎቹም ክፍያ ወረደ። ይህም ከፍላጎቱ የተወሰነው ክፍል የመጣው ከሥራው ሳይሆን ከእስሩ እንደነበር ያመለክታል። ኳታርም በ2020 ሠራተኛው ያለ አሠሪው የይሁንታ ደብዳቤ ሥራ እንዲቀይር ከፈቀደች በኋላ፣ በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ከ300 ሺህ በላይ የዝውውር ጥያቄዎች ጸድቀዋል።

ጉዳዩ የዓረብ አገሮች ብቻ ተደርጎ መታየቱ ስሕተት ነው። የእንግሊዙን ምሳሌ ከላይ አይተናል። ካናዳ ከ1966 ጀምሮ ለወቅታዊ የእርሻ ሥራ ሰዎችን የምታመጣበት አሠራርም በአንድ ቀጣሪ የተወሰነ ፈቃድ ላይ የቆመ ሲሆን፣ የዘመናዊ ባርነት ጉዳዮች የተባበሩት መንግሥታት ልዩ ራፖርተር በ2023 አገሪቱን ጎብኝተው የጊዜያዊ የውጭ ሠራተኞችን መርሐ ግብር ለዘመናዊ ባርነት የተመቸ ነው ሲሉ ነቅፈውታል፤ መንግሥት በበኩሉ የቁጥጥር ሥራውን ማጠናከሩን ይገልጻል። በአሜሪካ ደግሞ፣ በመንግሥቱ በራሱ የዳሰሳ ጥናት መሠረት፣ ተቀጥረው ሰብል ላይ ከሚሠሩት 40 በመቶ ገደማ የሚሆኑት የሥራ ፈቃድ የላቸውም። ፈቃድ አለመኖሩም፣ ሕጉ ባያቅደውም፣ ሠራተኛውን ከመብት ጠያቂነት የሚያግድ እስር ነው።

እስሩ እስከ ምን ሊያደርስ እንደሚችል በሰኔ 2024 ከሮም በስተደቡብ በምትገኘው የላቲና አካባቢ ታይቷል። ያለ ኮንትራት ይሠራ የነበረ አንድ ሕንዳዊ የእርሻ ሠራተኛ ማሽን እጁን ሲቆርጠው አሠሪው ሐኪም ቤት በማድረስ ፈንታ ቤቱ ደጃፍ ላይ ጥሎት ሄደ፤ የተቆረጠው እጁ በፍራፍሬ ሣጥን ተደርጎ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር። ሰውየው ከሁለት ቀን በኋላ ሞተ። ጣሊያን በሕገወጥ የሠራተኛ ድለላና ብዝበዛ ላይ ከ2016 ጀምሮ ጠንካራ ሕግ አላት። ከቀጣሪው ጋር የተቀያየመ ሠራተኛ ፈቃዱን የሚያጣበት አሠራር እስካለ ድረስ ግን ሕጉን ተጠቅሞ ክስ የሚመሠርተው ጥቂት ነው።

በዚህ ላይ የሚቀርበው ጠንካራ ተቃውሞ መብትና ቁጥር ይጋጫሉ የሚል ነው። አንዳንድ የፍልሰት ተመራማሪዎች ለሠራተኛው ሙሉ መብት የሚሰጡ አገሮች በሩን ለጥቂቶች ብቻ እንደሚከፍቱ፣ በሩን ወለል አድርገው የሚከፍቱት ደግሞ መብትን እንደሚገድቡ ያስረዳሉ፤ ስለዚህ ድሃው ሠራተኛ የተገደበ መብትና የተሻለ ገቢ ያለውን ዕድል ቢመርጥ ማን ይከለክለዋል ይላሉ። የኤምሬቶቹ ጥናት ለዚህ አመለካከት ከፊል ድጋፍ ይሰጣል። ክርክሩ በቀላሉ የሚጣል ባይሆንም አንድ ነገር እንዳለ አድርጎ ይወስዳል፤ ሠራተኛው ሲሄድ የሚገባበትን ኮንትራት ያውቃል የሚል። በደላላ ሰንሰለት ውስጥ ያለፈ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው።

ጊዜያዊነት ለምን አይጸናም?

መንግሥታት የሚመርጡት ሠርቶ የሚመለስ ሠራተኛን ነው። የቀድሞዋ ምዕራብ ጀርመን ከ1955 ጀምሮ ከጣሊያን፣ ከስፔን፣ ከግሪክ፣ ከቱርክና ከሌሎች አገሮች ጋር በተፈራረመቻቸው ስምምነቶች «እንግዳ ሠራተኛ» ያለቻቸውን ስታስመጣ ያሰበችው ይህንኑ ነበር። በመስከረም 1964 አንድ ሚሊዮነኛው እንግዳ ሠራተኛ ተብሎ የተመረጠ ፖርቱጋላዊ አናጺ በኮሎኝ ባቡር ጣቢያ ሞተር ብስክሌት ተሸልሞ አቀባበል ተደረገለት። በዚያው ዓመት ከቱርክ ጋር የነበረው ስምምነት ተሻሽሎ የሁለት ዓመቱ የቆይታ ገደብ ተነሣ። ለውጡን የገፉት የመብት ተሟጋቾች ሳይሆኑ ቀጣሪዎቹ ነበሩ፤ ያሠለጠኑትን ሰው በየሁለት ዓመቱ አሰናብቶ አዲስ ማሠልጠን ኪሳራ ሆኖባቸዋልና። በ1973 ምልመላው ሲቆም ከመጡት 14 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች 11 ሚሊዮን ያህሉ ተመልሰው ነበር። የቀሩት ግን አንዴ ከወጡ መመለስ እንደማይችሉ ስላወቁ ቤተሰባቸውን አስመጡ። መዘጋቱ ራሱ ጊዜያዊውን ቋሚ አደረገው።

በላኪ አገሮች በኩል

ወደ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች የሚላከው የሐዋላ ገንዘብ እንደ ዓለም ባንክ ግምት በ2023 656 ቢሊዮን ዶላር የደረሰ ሲሆን፣ ይህም ከውጭ ቀጥተኛ ኢንቨስትመንትም ከልማት ርዳታም ይበልጣል። በሌላ በኩል ሀብታሙ አገር ለሥልጠና ያላወጣውን ወጪ ላኪው አገር ይሸከመዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 የጤና ባለሙያዎችን ድንበር ዘለል ምልመላ የሚመለከት የሥነ ምግባር ደንብ ያጸደቀው፣ በ2023 ደግሞ ባለሙያ በጣም የሚያንሳቸውን 55 አገሮች ዘርዝሮ ንቁ ምልመላ እንዳይካሄድባቸው ያሳሰበው በዚህ ምክንያት ነው። ደንቡ አስገዳጅነት የለውም፤ በራሷ ፈቃድ ሄዳ የምትቀጠርን ነርስም አይከለክልም፣ ሊከለክልም አይገባም።

ፉክክሩ ወዴት ያመራል?

በሚቀጥሉት ዓመታት ፍላጎቱ የመቀነስ ዕድሉ ጠባብ ነው። በእርሻና በመጋዘን ሥራ ማሽን ሊያግዝ ቢችልም፣ በእንክብካቤው ዘርፍ ለውጡ አዝጋሚ ነው። ቀድሞ በራቸውን ዘግተው የኖሩት የምሥራቅ እስያ አገሮች አሁን ከአውሮፓና ከባሕረ ሰላጤው ጋር ለተመሳሳይ ሠራተኞች ይፎካከራሉ። ደቡብ ኮርያ በ2004 ምልመላውን ከግል ደላሎች እጅ አውጥታ በመንግሥታት መካከል በሚደረግ ስምምነት ማካሄድ ጀመረች፤ ጀርመን በ2024 ሥራ ሳይዙ ገብቶ መፈለግ የሚያስችል «የዕድል ካርድ» አስተዋወቀች። ፉክክሩ ሲበረታ የፈቃዱ ይዘት ራሱ የመወዳደሪያ መሣሪያ መሆኑ አይቀርም።

ጃፓን ይህን በመፈተን ላይ ናት። ከ1993 ጀምሮ በ«ሥልጠና» ስም ሰዎችን እያስመጣች፣ ሠልጣኞቹ ግን በመርሕ ደረጃ ቀጣሪ መቀየር የማይችሉበት መርሐ ግብር ነበራት። በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠልጣኞች ከቀጣሪያቸው ይጠፉ ስለነበር፣ የአገሪቱ ፓርላማ በሰኔ 2024 መርሐ ግብሩን በሌላ የሚተካ ሕግ አጸደቀ። በ2027 ሥራ ላይ የሚውለው አዲሱ ሥርዓት ሠራተኛው ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ከሠራና የቋንቋና የሙያ መመዘኛዎችን ካሟላ በዚያው ዘርፍ ወደ ሌላ ቀጣሪ እንዲዛወር ይፈቅድለታል። ገና ከረቂቁ ጊዜ ጀምሮ ብርቱ ስጋት ያሰሙት በገጠር ያሉ ቀጣሪዎችና የአካባቢ አስተዳደሮች ናቸው፤ ሠራተኞቹ መዛወር ከቻሉ የተሻለ ደመወዝ ወዳለባቸው እንደ ቶኪዮ ያሉ ትልልቅ ከተሞች ይሄዱብናል ብለው። ሕጉም በመሸጋገሪያው ወቅት ዝውውሩ ወደ ከተሞች እንዳያደላ መንግሥት ርምጃ እንዲወስድ የሚያደርግ ድንጋጌ ተጨምሮበት ወጣ።